አራት ሆነው ሲዘምሩ አምስተኛ ድምፅ የሚሰማበት ኳየር

ባርበርሾፕ (ቃሉ ፀጉር ቤት ማለት ነው) በአራት ድምፅ የሚዘመር የአሜሪካ ሙዚቃ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ባለ መስመር ኮት የለበሱ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጢማቸውን ያሾሉ አራት ፈረንጆች ናቸው። ፊልምና ካርቱን ያሳየን ይህንኑ ነው። ሙዚቃውን ለመረዳት ግን ያ ምስል ምንም አይጠቅምም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የባርበርሾፕ ኳየር ማለት ቀን ቀን አስተማሪ፣ ሹፌር፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም ጡረተኛ የሆኑ ሰዎች ስብስብ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ተገናኝተው ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ይዘምራሉ። ደመወዝ የለም። እንዲያውም መዋጮ የሚከፍሉት እነሱው ናቸው።

ግር የሚለው ነገር ሌላ ነው። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው፣ ቤተክርስቲያን ወይም ሠርግ ላይ ሲዘምር የሚደነቅ ሰው፣ እዚህ ሲገባ አንድ ሁለት ዓመት እንደ ጀማሪ ይንገዳገዳል። ድምፁ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ባርበርሾፕ ከጉሮሮ በፊት የሚፈትነው ጆሮን ስለሆነ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ውስጥ መግባት አለብን። (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ኳየሩ ስንትም ሰው ቢኖረው የሚዘምረው በአራት ድምፅ ተከፍሎ ነው። መጀመሪያ አራቱን ድምፆች እንለያቸው። ዜማውን የሚይዘው ሊድ ይባላል። ዘፈኑን ሰምተን ስንወጣ የምናንጎራጉረው የሱን ነው። ከሱ በላይ ቴነር አለ። ቀጭንና ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወንዶች የሴት በሚመስለው ድምፃቸው ነው የሚያወጡት። ከታች ባስ መሠረቱን ይጥላል። የቀረው ባሪቶን ነው። ባሪቶን ሌሎቹ ወስደው የተረፈችውን ድምፅ ያነሳል። አንዴ ከሊዱ በላይ፣ አንዴ ከሊዱ በታች ይሆናል። ለብቻው ሲሰማ የሱ መስመር ዜማ አይመስልም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው። በባርበርሾፕ ሰዎች ዘንድ የቀልድ ሁሉ መቋጫ ባሪቶን የሆነውም ለዚህ ነው።

በመካነ ኢየሱስ ወይም በሌላ የወንጌላውያን ቤተክርስቲያን ኳየር ያደገ አንባቢ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ የሚለውን ክፍፍል ያውቀዋል። እዚያ ዜማው አናት ላይ፣ ሶፕራኖዎቹ ጋ ነው። እዚህ ግን ዜማው ከላይ ሁለተኛው ድምፅ ላይ ይቀመጣል። አናት ላይ ያለው ቴነር አጃቢ ነው። ጉልበቱን ላሳይ ካለ ዘፈኑን ያበላሸዋል። በያሬዳዊ ዜማ ወይም በአዝማሪ ቤት ዘፈን ላደግነው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ እንግዳ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው አንዱን ዜማ ተከትሎ ይሄዳል። (አገራችን በሙሉ እንደዚያ ናት ማለቴ አይደለም። የጋሞ ደጋዎቹ ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ መዝፈንን ከማንም ሳይማሩ ያውቁበታል።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ባሱ በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አወጣ እንበል። ሌሎቹ ሦስቱ 250፣ 300 እና 350 አወጡ። እነዚህን ቁጥሮች ለ50 ብናካፍላቸው 4፣ 5፣ 6 እና 7 ይሆናሉ። የባርበርሾፕ መለያ የሆነው ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ጥምር) ይህ ነው። ሙዚቀኞች ዶሚናንት ሰቨንዝ ይሉታል። በሌላ ሙዚቃ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ በባርበርሾፕ ግን ዘፈኑን ሞልቶት ታገኙታላችሁ።

ቁጥሮቹ እንዲህ መሆናቸው ምን ይጠቅማል? የሰው ድምፅ አንድ ብቻ ሆኖ አይወጣም። ባሱ 200 ሲል በላዩ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1200፣ 1400 እያሉ የሚደረደሩ ስስ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ለየብቻቸው አንሰማቸውም፤ የድምፁን ቀለም የሚሰጡት ግን እነሱ ናቸው። 250 የሚያወጣው ሰውም የራሱ ድርድር አለው፦ 500፣ 750፣ 1000። እዚህ ላይ፣ 1000 ላይ፣ ከባሱ ጋር ተገናኙ። 300 የሚለው 600 እና 1200 ላይ ከባሱ ጋር ይገጥማል። 350 የሚለው ደግሞ 1400 ላይ። የገጠሙት ይደጋገፋሉ፣ ይጎላሉ። ያኔ ከአራቱ ሰዎች ማንም ያልዘመረው፣ ከራስ በላይ የተንጠለጠለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። ዘማሪዎቹ ኮርዱ ደወለ ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን የሰማ ሰው ዞር ብሎ ማን እንደዘመረ ይፈልጋል።

ችግሩ ይህ የሚሆነው ቁጥሮቹ በትክክል ሲገጥሙ ብቻ መሆኑ ነው። ያንኑ ኮርድ በፒያኖ ወይም በኪቦርድ ብንመታው 350 መሆን የነበረበት 356 ገደማ ይሆናል። 250 የነበረውም 252 ገደማ። ኪቦርድ ዘፈኑ ከየትኛውም ድምፅ ቢነሳ እንዲሠራ ተብሎ ልዩነቱ ተከፋፍሎ ስለተቃኘ ነው። ሁለት ቁጥር ምን ታመጣለች እንዳትሉ። 252 አራት እጥፍ ሲሆን 1008 ነው። ከባሱ 1000 ጋር ሲገናኝ አይደጋገፉም፣ ይጋጫሉ። በሰከንድ ስምንት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይፈጠራል። በኪቦርድ ለምደነዋልና አይረብሸንም። ያ አምስተኛ ድምፅ ግን አይመጣም።

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክሩን ጠበቅ፣ ላላ እያደረገ፣ ጆሮው ገባች እስኪለው ድረስ ይፈልጋታል። የባርበርሾፕ ዘማሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ክራሩ አንዴ ከተቃኘ ለዘፈኑ ይበቃል፤ ዘማሪው ግን ኮርዱ በተቀየረ ቁጥር፣ በየቃሉ ማለት ይቻላል፣ በጉሮሮው እንደገና መቃኘት አለበት። ባሪቶኑ አንድ ድምፅ ይዞ እያለ ከሥሩ ባሱ ቢንቀሳቀስ፣ የባሪቶኑ ትክክለኛ ቦታም በጥቂቱ ይለወጣል።

ልምምድ ላይ ከዜማ ይልቅ አናባቢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም ከዚሁ የተነሳ ነው። አናባቢ ሲቀየር ከላይ የተደረደሩት ድምፆች ጉልበት ይቀየራል። ሠላሳ ሰው «አ» ሲል አንዱ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ሌላው ጠበብ አድርጎ ከሆነ ቁጥሩ ቢገጥምም ቀለሙ አይገጥምም። እንግሊዝኛ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። «ዴይ» በሚለው ቃል ውስጥ «ኤ» አለች፣ መጨረሻዋ ላይ ወደ «ይ» ትንሸራተታለች። ሁሉም «ኤ»ን ረዘም አድርጎ ይዞ እኩል መንሸራተት አለበት። አንድ ሰው ቀድሞ «ይ» ካለ ዳይሬክተሩ ያቆማል። እንደገና። አሁንም እንደገና። ለአንዲት ቃል ሩብ ሰዓት ቢሄድ ማንም አይገረምም። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ጨርቅ ያስጥላል።

መግባቱ ራሱ ከባድ አይደለም። አብዛኞቹ ኳየሮች እንግዳ ይወዳሉ። ልምምዱ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ቦታው የቤተክርስቲያን አዳራሽ ወይም ትምህርት ቤት ይሆናል። በር ላይ አንድ ሰው ይቀበላችኋል፣ ስም ይጽፍላችኋል፣ ድምፃችሁን ይጠይቃል። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ሁለት ሦስት ስኬል አዘምረው ከየት እስከ የት እንደምትደርሱ ይለዩና ከአንድ የቆየ ዘማሪ ጎን ያቆሟችኋል። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ብዙ የቆዩ አባላት ራሳቸው አያነቡም።

ጥቂት ሳምንት ከተመላለሱ በኋላ ኦዲሽን፣ ማለትም የመግቢያ ፈተና፣ ይመጣል። ትንሽ ከተማ ያለ ኳየር ዜማ መያዝ የሚችልን ሰው ሁሉ ይቀበላል። ትልልቆቹ ይጠነክራሉ። በጣም የሚያስፈራው ክፍል እጅግ ቀላል የሚመስለው ነው፦ ከሦስት ሰዎች ጋር ቆሞ አንድ ዘፈን መዝፈን። የእናንተን ድምፅ የያዘ ሌላ ሰው የለም። በሠላሳ ሰው መሃል ተደብቆ የኖረ ስህተት እዚያ ላይ ራቁቱን ይቆማል። እዚህ ላይ አዲስ ባሪቶን ሁሌ የሚሠራው አንድ ነገር አለ። በመሃል ሳይታወቀው ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል። ሊዱ ይጎትተዋል። በአንድ ዜማ ያደገ ጆሮ በተለይ ይህን መከላከል ይቸግረዋል። መድኃኒቱ የሰውየውን ድምፅ ላለመስማት መሞከር ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ተቃራኒው ነው። ሊዱን በደንብ እየሰሙ ከሱ ያለውን ርቀት መያዝ ነው የሚያዋጣው።

የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የቤት ሥራ ነው። መድረክ ላይ ወረቀት አይያዝም፣ ሁሉም በቃል ነው። ስለዚህ ለየድምፁ የተዘጋጀ ቅጂ ይሰጣል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ በአንዱ ጆሮ የእናንተ ድምፅ ብቻ፣ በሌላው የቀሩት ሦስቱ ይሰማሉ። መጀመሪያ በሁለቱም ይሰማል። ከዚያ የራስን ጎን አጥፍቶ ከሦስቱ ጋር መዝፈን። መኪና ውስጥ፣ ዕቃ እያጠቡ። ዘፈኑ ሲያዝ ራሳችሁን ቀድታችሁ ለድምፁ ኃላፊ ትልካላችሁ። እሱ ይሰማና ሦስተኛው መስመር ላይ ወርደሃል ብሎ ይመልሳል። እስኪስተካከል ድረስ ያ ዘፈን መድረክ ላይ አይፈቀድላችሁም። እንደ እኔ፣ ኳየርን ከኳየር የሚለየው ይህ ኃላፊ የሚያርምበት መንገድ ነው። ሰው አዋርዶ የሚያርም ኃላፊ ያለበት ኳየር አዲስ ሰው አያቆይም።

ሁለተኛው የቤት ሥራ መቀነስ ነው። ለብቻው መዝፈን የለመደ ሰው ድምፁን ማንቀጥቀጥ፣ ጫፉ ላይ ማሳመር፣ መጎተት ይወዳል። እኛ ጋ ያለ ቅላጼ ዘፈን ዘፈን አይመስልም። ባርበርሾፕ ውስጥ ግን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም። ቁጥሩ ካልቆመ ኮርዱ አይደውልም። ስለዚህ በጣም የሚሰቃየው ብዙ ጊዜ ጥሩ ሶሎ ዘፋኝ የነበረው ነው። መካከለኛ ድምፅና ትዕግሥት ያለው ሰው ቶሎ ይቀድመዋል።

ሦስተኛው ፊት ነው። ባርበርሾፕ የሚታይም ነገር ነው። የፊት ረድፍ ይደንሳል፣ የኋላው እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ሁሉም በፊቱ ዘፈኑን ይናገራል። ኮስተር ብሎ ቆሞ መዘመር ለለመደ ሰው እጅግ ያሳፍራል። አንዳንዱ መቼም አይለምደውም። ኋላ ረድፍ ላይ ይቆማል፣ ይኖራል።

ሰዎቹን ለዓመታት የሚያቆይ ነገር ግን ከልምምዱ በኋላ የሚመጣው ነው። አብዛኛው ሰው ቤቱ ይሄዳል፤ የተወሰኑት ፓርኪንግ ውስጥ ወይም አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይቀራሉ። እዚያ ታግ የሚባል ነገር አለ። ታግ የአንድ ዘፈን መጨረሻ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ፣ ኮርዶቹ በጣም ያማሩበት። ወረቀት አይወጣም። አንድ የሚያውቅ ሰው ለባሱ የሱን ዘምሮ ያስይዘዋል፣ ከዚያ ለሊዱ፣ ከዚያ ለቀሩት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተዋውቀው የማያውቁ አራት ሰዎች አንድ የሚደውል ኮርድ ይዘው ይቆማሉ። ከሌላ ከተማ፣ ከሌላ አገር የመጣ ዘማሪም ያንኑ ታግ ሊያውቅ ይችላል። ብዙ አባላት ሁለተኛው ዓመት ላይ ኳርቴት (የአራት ሰው ቡድን) የሚመሠርቱት ከዚህ ተነስተው ነው። የቫለንታይን ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 14፣ እነዚህ ኳርቴቶች በክፍያ ሰው ሥራ ቦታ ድረስ ሄደው ለተወዳጇ ይዘምራሉ። ገንዘቡ ለኳየሩ ይገባል። ያልጠበቀች ሴት የምታፍረው ማፈር ሌላ ጉዳይ ነው።

የባርበርሾፕ ዘማሪዎች ማኅበር የተጀመረው በተልሳ፣ ኦክላሆማ ነው። ኦወን ካሽ የተባለ የግብር ሕግ ባለሙያና ሩፐርት ሆል የተባለ የባንክ ሰው ካንሳስ ሲቲ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። ሁለቱም የተልሳ ሰዎች ነበሩ። ድሮ ሰው ተሰብስቦ ይዘፍን እንደነበር እየተጨዋወቱ ለምን አንጠራራም ተባባሉ። ኤፕሪል 11 ቀን 1938 በአንድ ክለብ ጣሪያ ላይ 26 ወንዶች መጡ። ለማኅበሩ የሰጡት ስም፣ አህጽሮቱም ጭምር፣ ሆን ተብሎ የረዘመ ነበር። በዚያን ዘመን የሩዝቬልት መንግሥት በአህጽሮት የሚጠሩ መሥሪያ ቤቶችን እየፈለፈለ ስለነበር በዚያ ላይ ማሾፋቸው ነው። ቀልዱ ቀረ፣ ማኅበሩ አደገ። ዛሬ ባርበርሾፕ ሃርመኒ ሶሳይቲ ይባላል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ናሽቪል ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች የአያቶቻችን ሙዚቃ ብለው ሊጠብቁት የተነሱት ነገር በዋናነት የጥቁር አሜሪካውያን ነበር። ተመራማሪው ሊን አቦት በ1992 ማስረጃውን ሰብስቦ አሳይቷል። በደቡብ ከተሞች ጥቁር ወጣቶች በየጎዳናውና በየፀጉር ቤቱ በአራት ድምፅ ይዘፍኑ ነበር። ሉዊስ አርምስትሮንግ ልጅ ሆኖ በኒው ኦርሊንስ ጎዳና ላይ በኳርቴት ዘፍኗል። ስመ ጥሮቹ ሚልስ ብራዘርስ ፒኳ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያደጉት ፀጉር ቤት ባለው አባት እጅ ነው። የድምፆች ቅንብሩን ሲለማመዱ የነበረውም እዚያው ነው።

ማኅበሩ ግን ለነጮች ብቻ ሆነ። በ1941 በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ የሆኑ ጥቁሮች ያቋቋሙት ግራንድ ሴንትራል ሬድ ካፕስ የከተማውን ውድድር አሸነፈ። ወደ ሴንት ሉዊሱ አገር አቀፍ ውድድር እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የቀድሞው የኒው ዮርክ ገዥ አል ስሚዝና የከተማው የፓርኮች ኃላፊ ሮበርት ሞሰስ ይህን ተቃውመው ከማኅበሩ ወጡ። ክልከላው የተነሳው በ1963 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! ያለፈ ታሪክ ነው ብለው ሊያልፉት የሚፈልጉ አባላት አሉ። እኔ ግን አዲስ ገቢ፣ በተለይ ጥቁር የሆነ አዲስ ገቢ፣ ገብቶ ከመስማት ይልቅ ሳይገባ ቢያውቀው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሴቶቹ በ1945 እዚያው ተልሳ ውስጥ ስዊት አደላይንስ የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የወንዶቹ ማኅበር ሴቶችን በሙሉ አባልነት የተቀበለው በ2018 ነው። አሁን እያንዳንዱ ኳየር የወንድ፣ የሴት ወይም የተቀላቀለ ሆኖ የመቀጠል ምርጫ አለው። የወንድ ብቻ ሆነው የቀጠሉ ብዙ ናቸው።

ውድድር የኳርቴቱ በ1939፣ የኳየሩ በ1953 ተጀመረ። አንድ ኳየር መድረክ ላይ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው የሚያቀርበው። ዳኞቹ ሦስት ነገር ያያሉ፦ ሙዚቃው እንዴት እንደተቀመጠ፣ አቀራረቡና አዘማመሩ። እያንዳንዱ ዳኛ ለእያንዳንዱ ዘፈን ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ለሁለት ዘፈን አንድ ዓመት መዘጋጀት እብደት ይመስላል፤ ትንሽም እብደት አለበት። ግን ቅድም ያነሳነው የ«ኤ» እና የ«ይ» ነገር የሚጸዳው በዚህ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉን ያሸነፈ ኳየር የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት አይወዳደርም። ሌላው ዕድል እንዲያገኝ ነው። ጨዋታው የአሜሪካ ብቻም አይደለም። እንግሊዞች የራሳቸውን ማኅበር በ1974 መሥርተዋል፤ ሪንግማስተርስ የተባሉ ስዊድናውያንም በ2012 የኳርቴቱን ዋንጫ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ወስደዋል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በዳላስ ያለው ቮካል ማጆሪቲ በ1972 ተመሥርቶ 13 የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ነው፤ ኦዲሽኑ ከጠንካሮቹ ወገን ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ሃርሞናይዘርስ አለ፤ አራት ጊዜ ወርቅ ወስዷል። እነዚህ ከበዱ ያለ ሰው በየመንደሩ ያሉትን ትንንሾቹን ይሞክር። ለጀማሪ እንዲያውም እነሱ ይሻላሉ፤ ሃያ ሰው ባለበት የእናንተ ስህተት ቶሎ ይሰማል፣ ቶሎም ይታረማል።

ስትሄዱ ውኃ ያዙ፣ ስልካችሁን ለመቅጃ አዘጋጁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የዓመቱ መዋጮ ስንት ነው? የመድረክ ልብስና የውድድር ጉዞ ወጪ በማን ነው? ከሳምንቱ ማታ ሌላ ስንት ቅዳሜ ይወስዳል? ሦስተኛውን ትዳር ያላችሁ ቤት ተመካክራችሁ መልሱት። ሰው ከኳየር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ሳይሆን በቅዳሜ ነው።